«16» ነው ያልከው

የትራፓኖአችን (የመብሻ ማሽናችን) ቻክ፣ ፑንታውን (መብሻ ብረቱን) ነክሶ የሚይዘው ክፍል፣ ካረጀ ቆይቷል። በ10 ሚሊሜትር ፑንታ የበሳነው 10 ተኩል ሆኖ ይወጣል። ጥርሶቹ ፑንታ መንከስ ትተው ማላመጥ ጀምረው ነበር። አለቃችን «ይሠራል እኮ!» ሲል ከርሞ፣ በአንድ ቀን ሦስት ፑንታ ሲሰበር ገንዘቡን ፈታ።

ቁራጭ ወረቀት ላይ «የትራፓኖ ቻክ፣ 16» ብዬ ለግዥ ሠራተኛችን ሰጠሁት።

«አሮጌውን ፍታልኝና ለናሙና ልያዘው» አለ።

ሥራ ተደራርቦብኛል። «16 በላቸው፤ መርካቶ ያውቁታል» አልኩት። ይህን ማለቴን የረሳ ሰው በግቢው ውስጥ የለም።

ከሰዓት በኋላ የሚያብረቀርቅ ቻክ ይዞ መጣ። አሮጌውን፣ ከማሽኑ ጋር ከሚያያይዘው ዘንግ ጋር፣ በሽብልቅ አወረድኩና ከዘንጉ አላቀቅሁት። ዘንጉን በቤንዚን ወልውዬ አደረቅሁ። ቻኩ የሚሰካበት የዘንጉ ሾጣጣ ጫፍ ላይ ዘይት ከቀረ ቻኩ ሥራ መሀል ይወድቃል። ከዚያ አዲሱን ሰካሁ። የአባቱን ጫማ እንዳጠለቀ ሕፃን ይንቀለቀላል።

ጮህኩበት። ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነህ፣ ርካሹን አይተህ ትገዛለህ!»

እሱ አልተናደደም። ከሸሚዝ ኪሱ ወረቀቴን አወጣ፤ በጥንቃቄ አጥፎ ይዞታል። ጽሑፌን አሳየኝ። ቀጥሎ ቻኩ ላይ የተቀረጸውን፦ «3-16»።

«ይኸው 16።»

ቻኩን አዙሬ «ቢ 18» የሚለውን አሳየሁት። «ቀዳዳው 18 ነው፣ አታይም?»

«ይሄንን የት ጻፍከው?»

ዝም አልኩ። አሮጌውን በናፍጣ ሳጸዳው «1-13፣ ቢ 16» ይላል። ለካ ለዓመታት በቃሌ የያዝኩት 16 የሾጣጣው ቁጥር ነበር። አዲሱ ላይ ያለው 16 ደግሞ የሚነክሰው ትልቁ የፑንታ ውፍረት ነው። እሱ 16 ተባለ፣ 16 ገዛ። ያም ሆኖ ግዥ የሚሠራ ሰው ሁለት ጥያቄ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? ይህን እስካሁን እላለሁ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ልንመልሰው ስንነሳ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ያሉት ጋሼ ከማሽናቸው ቀና ሳይሉ «ቻኩን ለምን ትመልሳላችሁ? ዘንጉን ቀይሩ» አሉ። እውነት ነው። የማሽናችን ቀዳዳ ሞርስ 2 የሚባለው የሾጣጣ ልክ ነው። ከላይ ሞርስ 2፣ ከታች ቢ 18 የሆነ ዘንግ ተገዛ። የቻኩን ጥርሶች ወደ ውስጥ ሰብስቤ በእንጨት መዶሻ ሁለቴ መታሁት። ቀጥ አለ። ድሮ ከ13 በላይ አንይዝም ነበር፤ አሁን 16 እንነክሳለን።

የግዥ ሠራተኛው ታዲያ «ትራፓኖውን ያሳደግሁት እኔ ነኝ» እያለ ያወራል።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሳስገዛ አሮጌውን ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ በፌስታል አድርጌ አቀርብለታለሁ። አይቀበለኝም።

«ቁጥሩን ብቻ ጻፍልኝ» ይላል፣ የሸሚዝ ኪሱን መታ መታ እያደረገ።