«ይዘጋልን» ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ብቻዬን ጻፍኩት፤ ብቻዬንም ፈረምኩበት። ወንዝ ስለሚበክል አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ነበር፤ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ማሳረጊያው «ድርጅቱ በአስቸኳይ ይዘጋልን» ይላል። በአካባቢ ጥበቃና በሰብአዊ መብት ሥራ ኃላፊነት ለመውሰድ የተዘጋጁ ወጣቶች እንዴት እንደጀመርኩ ሲጠይቁኝ ከዚያች ደብዳቤ እነሣለሁ። ይህን ሥራ የተማርኩት እሷን ሳርም ነውና።

ተወልጄ ያደግኩት ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ነው። አዌቱ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ልጆች ሳለን ጉማሬ ለማየት ቦዬ ድረስ በእግራችን እንሄድ ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ፍሳሹም ቆሻሻውም አዌቱ ላይ ወደቀ። የኬሚስትሪ መምህርት ሆኜ ስቀጠር መጀመሪያ ያደረግኩት ተማሪዎቼን ሰብስቤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ማቋቋም ነበር። ችግኝ እንተክላለን፣ የወንዙን ዳር እናጸዳለን፣ በዚያው እንመለሳለን።

ስለ መብት ግን አናነሣም። በጊዜው ሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠራ ይከለክል ስለነበር ሊረዱን የሚመጡት ሁሉ ይፈሩ ነበር። አንዱ በግልጽ «ችግኙ ይሁን፤ መብት የሚለውን ቃል ግን አውጡት» ብሎናል። እኛም አወጣነው። ያ ዝምታ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም የቆሸሸ ወንዝ ዳር ችግኝ ስንተክል ውኃውን ማን እንደሚጠጣው አንጠይቅም ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ወጥቶ የቀድሞው ሲሻር ክበባችንን ወደ ማኅበር አሳደግነው። በዕድሜም ስለምበልጥ፣ ደብዳቤ መጻፍም ስለማውቅ ሰብሳቢ አደረጉኝ። ያኔ መሪነት ደብዳቤ መጻፍ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ተማሪዬ እግር ነው። ኅዳር ላይ፣ ትምህርት እየሰጠሁ፣ ከጉልበቷ በታች ደጋግማ ስታክ አየኋት። ቆዳዋ ቀልቶ ሽፍ ብሏል። ቤተሰቦቿ የሚኖሩት ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ መንደር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ስትሄድ ውኃ የምትቀዳው እሷ ናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። ወንዙ ጋ ሳንደርስ ሽታው ተቀበለን፤ የኮመጠጠ ጠላ አተላ ሽታ ነበር። ውኃው ጠቆር ብሏል፤ ድንጋዮቹ ላይ የሚያሟልጭ ነገር ጋግሯል። ከፍ ብሎ የእሸት ቡና ማጠቢያ አለ።

ለቡና አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ አሠራሩን ማወቅ ግን ለክርክሩ ጠቅሞኛል። ቀይ እሸት ቡና ሲፈለፈል ልጣጩና ስኳር የበዛበት ዝልግልግ ፈሳሹ ከውኃ ጋር ይወጣል። ፍሬው በማብላያ ገንዳ ውስጥ ቆይቶ እንደገና ይታጠባል። ያ ሁሉ ውኃ ሳይታከም ወንዝ ሲገባ ስኳሩ ይቦካል፣ ውኃው አሲዳማ ይሆናል፣ ስኳሩን የሚበሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣውም አብዛኛው የውኃ ነፍሳትም ያልቃል። የባሰው ደግሞ ወቅቱ ነው፤ እሸቱ የሚደርሰው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ልክ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲቀንስ ነው።

ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት፣ ማለትም አሲድ ሲነካው የሚቀላ መፈተሻ ወረቀት ወሰድኩ። በየሳምንቱ ከማጠቢያው በላይና በታች ውኃ በጠርሙስ እየቀዳሁ፣ ቀኑን እየለጠፍኩ መስኮቴ ላይ ደረደርኩ። ከላይ የተቀዳው ወረቀቱን አይለውጠውም። ከታች የተቀዳው አንዳንዴ ቀይ ያደርገዋል፣ አንዳንዴ ለውጡ እምብዛም አይታይም። ለምን እንደሚለያይ ሳይገባኝ ደብዳቤውን ጻፍኩ። የማውቀው ባለሥልጣን ስለነበር ቢሮው ድረስ ሄጄ በእጁ ሰጠሁት። «እናየዋለን፣ መምህርት» አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት በሬ ተንኳኳ። ሦስት ሴቶች ናቸው። የጣቶቻቸው ጫፍ ጠቁሯል፤ የእሸት ቡና ጭማቂ በቶሎ አይለቅም። ቡና ሲለቅሙ፣ ሲያጥቡ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲያገላብጡ የሚውሉ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ቡና አፈላሁ። እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ ስለ ጤናና ስለ ልጆች ብቻ ተጨዋወትን። ከዚያ በዕድሜ የሚበልጡት ስኒያቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

«እናስዘጋለን ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ወንዙ መበላሸቱን ማን አጣው? እኔም የምጠጣው ከእሱ ነው። የምሠራው እዚያ ነው፤ የልጆቼን ደብተር የምገዛው በዚያ ብር ነው። ወረቀትሽ ላይ ስለ እኛ ምን ጻፍሽ?»

ምንም አልጻፍኩም ነበር። ስለ ዓሣው ጽፌያለሁ፣ ስለ ሊትመሱ ጽፌያለሁ። ውኃው ውስጥ ቆመው ስለሚውሉት ሴቶች አንድ መስመር የለም። መጸዳጃ ቤት እንደሌላቸው፣ ሲጠማቸው ከፍሳሹ መውጫ በታች ካለው ወንዝ እንደሚጠጡ የነገሩኝ ያን ቀን ነው። በብክለቱ ከሁሉ በላይ የሚጎዱትም፣ ድርጅቱ ቢዘጋ ከሁሉ በፊት የሚራቡትም እነሱው ነበሩ። እኔ በወንዙ ስም ስናገር የእነሱን እንጀራ እየቆረጥኩ ነበር። ሲወጡ በሩ ድረስ ሸኝቻቸው ተመልሼ ቁጭ አልኩ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሰው መብትና የአካባቢ ጥበቃ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች እንዳልሆኑ ለብዙ ዓመት ተናግሬያለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው ይላል፤ ያውም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለዚህ መብት በ161 ድምፅ ዕውቅና የሰጠው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ይሰጠዋል። «ሕዝብ» የሚለውን ቃል ሳነብ እኔን የሚመስል ሰው ይታየኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የሚታዩኝ እነዚያ ጣቶች ናቸው።

በመንደሩ ሾላ ሥር ስብሰባ ጠራን። በአማርኛ ከፈትኩት። ሽማግሌዎቹ በጨዋነት መለሱልኝ፤ ሴቶቹ ዝም አሉ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ስብሰባው የሠመረ መስሎኝ ነበር። የተማሪዬ አክስት ተነሥታ በኦሮምኛ አንድ ነገር ስትናገር ግን የተገደበ ውኃ የተለቀቀ ያህል ሆነ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ ገበያ ላይ እከራከርበታለሁ፤ ስብሰባ ለመምራት ግን አይበቃኝም። የመሪነቱን ወንበር የለቀቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባው በኦሮምኛ ይመራል፣ ቃለ ጉባኤው በሁለቱም ቋንቋ ይጻፋል፣ እኔ ጸሐፊ ሆኜ አገለግላለሁ። ሰው በሚያልምበት ቋንቋ ካልተጠየቀ የሚመልሰው ሰላምታ ብቻ ነው።

በዚሁ ስብሰባ አንድ ሐጂ «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ብለው ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «ፍሳሹ የሚለቀቀው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ «ሌሊት ነው» አለች። ጠርሙሶቼን ሁሉ የሞላሁት እኩለ ቀን ላይ፣ ውኃው ከጠራ በኋላ ነበር። የወራት ሥራዬ ያልሰመረው ሊትመሱ ስለሳተ አልነበረም፤ ከሚያውቁት ሰዎች ሳልጠይቅ ስለጀመርኩ ነው። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ውኃ የሚቀዱት ልጃገረዶች ጠርሙስ ይዘው ወረዱ። ሰማያዊው ወረቀት ወዲያው ቀላ። ቀኑ፣ ሰዓቱና የቀዳችው ልጅ ስም በአንድ ደብተር ላይ መመዝገብ ጀመረ።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ወሰደብን። «ይዘጋልን» የሚለው ወጣ። በቦታው ሦስት ነገር ገባ፦ ፍሳሹ ወንዝ ከመድረሱ በፊት በተከታታይ ጉድጓዶች እንዲታከም፣ ለሠራተኞቹ ንጹሕ የመጠጥ ውኃና መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ፣ ማስተካከያው በሚደረግበት ጊዜም ማንም ከሥራ እንዳይባረር። የመጨረሻውን ያስገቡት ሴቶቹ ናቸው። ሁለተኛውን ያጠናከርነው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ አዋጁ አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል።

ስለ አቤቱታ አሠራር ጠንከር አድርጌ የምናገረው አለኝ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህ ትልቅ መብት ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ግን መዝገብ ላይ ካለ ነው። በእጅ የሰጠኋት የመጀመሪያዋ ደብዳቤ የትም አልተመዘገበችም፤ 30 ቀኑ ከየት ይቆጠር? ሁለተኛውን መዝገብ ቤት አስገብተን የገቢ ቁጥሩን አስጽፈን፣ በቅጂው ላይ ማኅተም አስመትተን ወጣን። ሦስት ሰው ነበርን። ጸሐፊዋ «ለአንድ ደብዳቤ ሦስት ሰው?» ብላ ጠየቀችን።

አዎ፣ ሦስት ሰው። ምክንያቱም ከመጀመሪያው ደብዳቤ በኋላ አንድ የተከበሩ ሰው እናቴ ቤት ሄደው «ልጅሽን ምከሪያት» ብለዋት ነበር። ማስፈራሪያ አልነበረም፤ ድምፃቸውንም አላነሡም። እናቴ ግን ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ይህ ሥራ ሰውን ምን እንደሚያስከፍል ከሩቅ አንብቤ አውቅ ነበር፤ የአካባቢ ተሟጋቿ ቤርታ ካሴሬስ ሆንዱራስ ውስጥ በወንዟ ላይ ሊሠራ የታሰበውን ግድብ ተቃውማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 በቤቷ ተገድላለች። የእናቴ ያልተነካ መሶብ ግን ከማንኛውም ንባብ ይልቅ አስተማረኝ። ሁለተኛው ደብዳቤ የ31 ሰው ፊርማ አለው፤ የእኔ ስም መሐል ላይ፣ በፊደል ተራው ነው ያለው። ለውይይት ስንጠራ ብቻውን የሚሄድ የለም፤ ስልክ ሲደወልልንም ያው ቀን ለሁላችንም ይነገራል። ደፋር ሰው ፊት ሲቆም ሌላው ወደኋላ ማለቱ ያለ ነው፤ 31 ሰው አብሮ ሲቆም ግን የማንም እናት ለብቻዋ አትመከርም።

አብሮ መቆም ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ስናገር ኢትዮጵያዊው የአካባቢ ሳይንቲስት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ትዝ ይሉኛል። ዘረ መላቸው የተለወጠ ሕያዋንን ዝውውር በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በካርታኼና የሕይወት ደኅንነት ፕሮቶኮል ድርድር ላይ ፍላጎታቸው የተለያየ ብዙ ታዳጊ አገሮችን በአንድ አቋም አስተባብረው እስከ መጨረሻው ይዘው ዘልቀዋል፤ ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ ጸደቀ። እኔ አንድ መንደር ለማስማማት ሦስት ሳምንት ስለፈጀብኝ የእሳቸው ሥራ ክብደት በትንሹም ቢሆን ይገባኛል።

ባለሙያዎች የመጡት 30ው ቀን ከመሙላቱ በፊት ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው ከእኛ ጋር መቀመጣቸውን ሲያይ ግን አነጋገሩ ተለወጠ። ከቀጣዩ እሸት በፊት ሁለት ጉድጓዶች ተቆፈሩ፣ በታችኛው በኩል ፍሳሽ የሚያጣራ ቬቲቨር ሣር ተተከለ፣ ልጣጩ ለብስባሽ ተከማቸ። መጸዳጃ ቤቱ ተሠራ። የመጠጥ ውኃው ገንዳ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። በሁለተኛው ዓመት ምርቱ በዝቶ ጉድጓዱ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ወንዙ ለአሥር ቀናት ያህል ሸተተ። ተማሪዬ ያን ጊዜ ደውላ አለቀሰች። እኔም እንዳልቀር አብሬያት አለቀስኩ፤ በማግስቱ ደብተሩን ይዘን መዝገብ ቤት ሄድን።

ባለፈው መስከረም ሰብሳቢነቱን አስረከብኩ። የተመረጠችው ከእነዚያ ሦስት ሴቶች የአንዷ ልጅ ናት፤ እሷም እሸት ለቅማለች፣ አልጋ ላይ አገላብጣለች። ማኅተሙን፣ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ፣ የጠርሙሱን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አደረግኩላት። ማኅተሙን ገፋ አድርጋ ደብተሩን ከፈተች። በጣቷ ቀኖቹን እየተከተለች ወረደች፣ ገጽ ገለጠች፣ እንደገና ወረደች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ይህቺ ሐሙስ ለምን ባዶ ሆነች?»

ሌሊቱን ዝናብ ስለነበር ልጆቹ እንዳልወረዱ ነገርኳት።

«ታዲያ ይጻፋ» አለች። እስክሪብቶዬን ተቀብላ በባዶው መስመር ላይ «ዝናብ፤ ውኃ አልተቀዳም» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቀን ወረደች።