ከገበያው ቀድሞ ማደግ እስከ መቼ?

እዚህ ኦስቲን፣ ቴክሳስ የምንኖር ሐበሾች የኮምፒውተር ሠሪውን የዴልን ነገር እንደ ጎረቤት ወሬ ነው የምናወራው። ማይክል ዴል እ.ኤ.አ. በ1984 ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1,000 ዶላር የጀመረው ድርጅት ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከከተማችን አፍንጫ ሥር፣ ራውንድ ሮክ ነው። እኔ የምሠራው መሥሪያ ቤቶች ተገልግለው የመለሷቸውን ኮምፒውተሮች አድሶ በሚሸጥ መጋዘን ሲሆን፣ አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ በዴል መገጣጠሚያ ውስጥ ነበሩ።

ጋሼ ያንን ዘመን ሲያነሱ ፊታቸው ይበራል። «ገዢው ሳያዝ አንዲት ብሎን አናጠብቅም ነበር፣ ልጄ» ይላሉ። በ2001 የኮምፒውተር ገበያው በሙሉ ሲቀንስ ዴል ግን አደገ፤ ተፎካካሪውን ኮምፓክን አልፎም የዓለም አንደኛ ሆነ። «ይህ ኩባንያ ከሌላው ጋር አይነጻጸርም» የሚለው እምነታቸው ከዚያ የመጣ ነው።

እኔ ግን ሳጥኖቹን በየቀኑ እፈታለሁ። የዴልንና የተፎካካሪውን የኤችፒን ዴስክቶፕ ጎን ለጎን ብትከፍቱ ከሁለቱም የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ የሲጌት ወይም የዌስተርን ዲጂታል ዲስክ፣ የሳምሰንግ ሚሞሪ ይወጣል። የዴል ክዳን ያለ መፍቻ በእጅ ይከፈታል፤ ይህን ሁልጊዜም አደንቃለሁ። ለሚታደስ ዕቃ ትልቅ ነገር ነው። ሆድ ዕቃው ግን ያው ነው።

ታዲያ በምን ቀደመ? በአሻሻጡ። የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚወርድ መጋዘን የተኛ ዕቃ ሁሉ ኪሳራ ነው። ተፎካካሪዎቹ በነጋዴ በኩል ሲሸጡ የሳምንታት ክምችት ይይዙ ነበር፤ ዴል በቀጥታ ለገዢው ስለሚሸጥ የ4 ቀን ገደማ ብቻ። ደንበኛው አስቀድሞ ይከፍላል፣ ዕቃ አቅራቢው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ይከፈለዋል። በመካከል ያለው ገንዘብ ሥራውን ያንቀሳቅሳል። እጅግ ብልህ አሠራር ነበር፤ ችግሩ ሌሎችም መማራቸው ነው። ሰው ፊቱን ወደ ላፕቶፕ ሲያዞርና ሱቅ ገብቶ በእጁ ነክቶ መግዛት ሲፈልግ፣ ላፕቶፑን ለሁሉም የሚሠሩት የታይዋን ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ ብልጫው ሳሳ። በ2006 ኤችፒ ቀደመው፤ በ2008 የኦስቲኑ የዴስክቶፕ ፋብሪካ እንደሚዘጋ ተነገረ።

ከገበያው ቀድሞ ሁልጊዜ ማደግን ሒሳቡም ቢሆን አይፈቅድም። የገበያውን 15 በመቶ የያዘ ኩባንያ ድርሻውን በየዓመቱ በአንድ አሥረኛ ቢያሳድግ፣ በ20 ዓመት ውስጥ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ገዢ አይኖርም። ስለዚህ ወይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ወይ ሌላ ገበያ ይፈልጋል። ዴልም በ2016 ኢኤምሲን የገዛው ከግል ኮምፒውተር ውጭ ያለውን የመረጃ ማከማቻ ሥራ ፈልጎ ነው።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን አንድ ወጣት ወንድማችን ለቤት መግዣ ያጠራቀመውን በሙሉ በአንድ ኮምፒውተር ሠሪ ኩባንያ አክሲዮን ላይ ሊያውል መሆኑን ስለነገረኝ ነው። ምክንያቱ ኩባንያው የሚሸጠው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰርቨር፣ ማለትም ይህን ሥራ የሚያሠራው ትልቅ ኮምፒውተር፣ ነው። ሌሊት እየሠራ ያጠራቀመው ገንዘብ ስለሆነ አሳስቦኛል። ጋሼ «ተወው፣ የእኛም ዘመን እንዲሁ ነበር የጀመረው» አሉኝ። እኔ ግን ልጁን የሰርቨሩ ዋና ቺፕ የማን እንደሆነ ጠየቅሁት። «የኤንቪዲያ» አለኝ። ኤንቪዲያ ያንኑ ቺፕ ለዴልም፣ ለተፎካካሪዎቹ ለሱፐርማይክሮም፣ ለሌኖቮም ይሸጣል፤ የሰርቨሩም ሆድ ዕቃ ያው ነው ማለት ነው። የቤቱን ገንዘብ ለይቶ እንዲያስቀምጥ ለምኜዋለሁ፤ እስከ አሁን አልወሰነም።