ሱሊና ፋሲል፦ የአንድ ዘመን ኖራ

ፈረንሳዮች «ኦቴል ፓርቲኩሊዬ» ሲሉ አልጋ የሚከራይበትን ሆቴል ማለታቸው አይደለም። አንድ ባለጸጋ ወይም መስፍን ከነቤተሰቡና ከነአሽከሮቹ ለብቻው የሚኖርበት የከተማ ቤት ነው። ለጎንደር ሰው ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፓሪስ፣ ማሬ ሰፈር የሚገኘው የሱሊ ቤት ነው። በ1624 ተጀምሮ በ1630 አለቀ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አፄ ፋሲል ዙፋን ላይ የወጡት በ1632 ስለሆነ፣ ይህ ቤትና የእኛው ግንብ የአንድ ዘመን ሰዎች ሥራ ናቸው።

ቤቱን ያሠራው ሜስም ጋሌ የተባለ የገንዘብ ሰው ነው። አርክቴክቱ ዣን አንድሩዌ ዱ ሰርሶ እንደሆነ ይነገራል። የቀድሞው የንጉሥ ሄንሪ 4ኛ የገንዘብ ሹም፣ የሱሊ መስፍን፣ በ1634 ገዛው፤ ስሙም በእሱ ቀረ።

ዋናው ቤት መንገድ ዳር አይደለም። ሠረገላ በሚያስገባው በር ሲዘለቅ ድንጋይ የተነጠፈበት ግቢ ይገኛል፤ ቤቱ ከግቢው ወዲያ ነው፣ ከቤቱ ጀርባ የአትክልት ቦታ አለ። የመንገዱ ጫጫታና አቧራ በሩ ላይ ይቀራል። 900 ሜትር ቅጥርና 12 በሮች ያሉትን የፋሲል ግቢ ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም። ጌጡም ያለው ውስጥ ነው፦ በግቢው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አራቱ ባሕርያት (እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት)፣ መጸውና ክረምት በሰው አምሳል ተቀርጸዋል። ጸደይና በጋ ያሉት በአትክልቱ በኩል ስለሆነ አራቱን ወቅቶች ማየት የፈለገ ቤቱን ማቋረጥ አለበት።

ኋላ ቤቱ ተከራይ፣ ሱቅና የእጅ ሥራ ገባበት። በ1862 ከታሪካዊ ሐውልቶች መዝገብ ገባ፣ በ1944 መንግሥት ገዛው። በ1913 በወጣው፣ ዛሬ በአገሪቱ የቅርስ ሕግ ውስጥ በተካተተው የፈረንሳይ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ቤት የግል ቢሆንም ያለ ፈቃድ አይጠገንም። ባለቤቱ መሸጥ ይችላል፣ ግዴታው ግን ወደ ገዢው ይተላለፋል። ይህ አንቀጽ እኛም ዘንድ በደንብ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ጥገናው ነው። የፓሪስ ድንጋይ ለስላሳና ውሃ የሚጠጣ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ በስሚንቶ ሲዘጋ ውሃው በድንጋዩ በኩል ለመውጣት ይገደዳል፤ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ድንጋዩ ይቀረፋል፣ ስሚንቶው ብቻ አፍጥጦ ይቀራል። የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ግን ጠጣር ነው፣ ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም። የግድግዳው መተንፈሻ የኖራው መጋጠሚያ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እሱ ሲደፈን እርጥበቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ልስኑን ይጥላል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የፋሲል ግቢ በስሚንቶና በአርማታ ተጠግኖ፣ ኋላ በኖራ የታረመው በከንቱ አይደለም።

ለመጋጠሚያ የሚሆነው ኖራ በውሃ በርዶ ቢያንስ ሦስት ወር በጉድጓድ የከረመ ነው። ልኩ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ፣ አፈር የሌለው የወንዝ አሸዋ ነው። የላላውን አሮጌ ኖራ የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ በእጅ መፋቅ ያስፈልጋል፤ በመቁረጫ ማሽን ከሆነ የድንጋዩ ጠርዝ ይበላል። ከዚያ አቧራውን አውጥቶ ድንጋዩን ማርጠብ ነው፤ ደረቅ ድንጋይ የኖራውን ውሃ መጥጦ ዱቄት ያደርገዋል። ኖራው በስስ በስሱ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፣ ከዚያም እርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ አንድ ሳምንት ከፀሐይ ይጠበቃል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ እያለ ስለሆነ የጥቅምት ፀሐይ በአንድ ቀን ካደረቀው ይሰነጠቃል። በሐምሌ ዝናብ ከተሠራም ታጥቦ ይሄዳል።

የድሮው መጋጠሚያ ምን እንደሆነ ካልታወቀ በምስማር መጫር ነው። ምስማሩ ገብቶ ነጭ ዱቄት ካወጣ ኖራ ነው፤ ግራጫ መስመር ብቻ ትቶ ከተንሸራተተ ስሚንቶ ነው። ስሚንቶው በመሮ ሲነካ ድንጋዩን ይዞ የሚመጣ ከሆነ፣ ራሱ እስኪላላ መተው ይሻላል።