ቆልፉልኝ

በስልክ ሥራ ስቀበል መጨረሻ ላይ የምላት አንዲት ነገር አለች። «ከመምጣቴ በፊት የሚቆለፍ ነገር ካለ ቆልፉልኝ።» አንዳንዱ ደንበኛ ይስቃል። አንዳንዱ ዝም ይላል፤ «ይሄ ሰውዬ ራሱን ይጠራጠራል እንዴ?» የሚል ዝምታ። አንዲት እናት ደግሞ «ኧረ ልጄ፣ ማን ይቆልፍብሃል!» ብለውኛል። ቆልፉብኝ አላልኩም፣ እትዬ። ቆልፉልኝ ነው ያልኩት። በ«ብ» እና በ«ል» መካከል ያለውን ልዩነት ያስተማረኝ አንድ የተበላሸ ሶኬት ነው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የቤት ውስጥ መስመር እዘረጋለሁ፣ የተበላሸውን እጠግናለሁ። የዚያን ቀን የጠራን ሰውዬ ችግር ቀላል ይመስል ነበር። የመኝታ ቤቱ ሶኬቶች ሞተዋል፤ ብሬከሩን ሲያነሡት ተመልሶ ይወድቃል። ረዳቴ ከእኔ ጋር ከጀመረ ገና አራት ወሩ ነው። ፈጣን፣ ጨዋ፣ ግን እጁ የማያርፍ ልጅ።

ባለቤቱ መኝታ ቤቱን አሳየንና ስልኩ ሲጮህ ወደ ሳሎን ሄደ። ሶኬቱ ያለው ከአልጋው አጠገብ ካለችው ኮመዲኖ ጀርባ ነው።

«ኮመዲኖዋን ማንቀሳቀስ እንችላለን?» አልኩት።

«አንቀሳቅሷት፣ ምንም የለባትም» አለኝ ሳይዞር።

ብሬከሩን አጠፋሁ። በቴስተር ፈተሽኩ። ይህችን «ፈተሽኩ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ልጁ ኮመዲኖዋን አቅፎ ሳብ ሲያደርጋት የፊት እግሯን ምንጣፉ ያዘውና ዘመም አለች። የላይኛው መሳቢያ በራሱ ጊዜ ተንሸራቶ ወጣ።

መነጽር። የመድኃኒት ብልቃጥ። በላስቲክ የታሰረ ወፍራም ፖስታ፣ ውስጡ ገንዘብ። ሁለት ቀለበትና አንድ የአንገት ሐብል። ከነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ካልሲ። ካልሲው ከበድ ብሎ ተኝቷል። ጫፉ ተቀዷል። በቀዳዳው በኩል አፈሙዝ አጮልቆ ያያል።

ልጁ እጁን ዘረጋ።

«ተው!» አልኩት። ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ።

«ጋሼ፣ ልመልሰው ነው እኮ።»

«እንኳን እጅህ ትንፋሽህም እንዳይነካው። ኮመዲኖዋን ቀስ ብለህ ልቀቅ። አዎ። አሁን ውጣ።»

ሁለታችንም ወጣን። አንዳችን እዚያ ቀርተን ሌላው ባለቤቱን መጥራት ይችል ነበር፤ ግን ያንን አልፈለግሁም። ክፍት መሳቢያ፣ ገንዘብና ሽጉጥ ባለበት ክፍል ውስጥ ብቻውን የቆመ ሠራተኛ ቢምልም ቢገዘትም ምስክር የለውም። ስንወጣ ዓይኔ የበሩ መቃን ላይ አረፈ። የልጆች ቁመት በእርሳስ ተሰምሮበታል፣ ከጎኑ ቀን ተጽፏል። ከሁሉም ዝቅ ያለችው መስመር ከመሳቢያው እጀታ ትንሽ ብቻ ከፍ ትላለች።

ሰውዬው ስልኩን እስኪጨርስ ኮሪደር ላይ ጠበቅነው። «ጌታዬ፣ መሳቢያው ተከፍቶ እርስዎ ብቻ መንካት ያለብዎትን ዕቃ አየን» አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ።

«እህ፣ እሷ ናት? ባዶ እኮ ናት!»

ገብቶ ከካልሲዋ አወጣት። ማካሮቭ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የሶቪየት ጦር ከታጠቃት ጀምሮ ዓለምን የዞረችው ትንሿ ሽጉጥ። ወጣት ሳለሁ ሁለት ዓመት በጥበቃ ሥራ ስለቆየሁ አውቃታለሁ። ሰውዬው ከእጀታዋ ግርጌ ያለችውን መያዣ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ጥይት የሚታጨቅበትን ካርታ መዘዘው። ካርታው ውስጥ ጥይት አለ። ባዶ ናት ያላት ሽጉጥ ማለት ነው።

«ይኸው፣ አሁን ባዶ ሆነች» አለና ሊያሳየን ዞር አለ። አፈሙዟ የረዳቴን ጉልበት አቋርጣ አለፈች።

ልጁን በደረቴ ወደ ኋላ ገፋሁት። «ጌታዬ፣ ይፍቀዱልኝ። ወደ ውጭኛው ግንብ ይዙሩልኝ። ጣትዎን ከቃታው ያርቁ። እንደዚያ። አሁን መጠበቂያዋን ያውርዱና የላይኛውን ተንሸራታች አካሏን ወደ ኋላ አንዴ ይሳቡት።»

ሳበው። አንዲት ጥይት ዘልላ ወጣች። ወለሉ ላይ ጠብ አለች፣ ተንከባለለች፣ አልጋው ሥር ገባች። ሦስታችንም የሄደችበትን ድምፅ ሰማን።

ሰውዬው ቀና አላለም። «ከመቼ ጀምሮ?» አለ። እኛን አልነበረም የጠየቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርታ ሲመዘዝ ሽጉጧ አስቀድማ የጎረሰችው ጥይት አብራ አትወጣም። ብራውኒንግ ሃይ ፓወርን የመሳሰሉ አንዳንድ ሽጉጦች ካርታ ከሌለባቸው እንዳይተኩሱ ተደርገው ተሠርተዋል። ማካሮቭ፣ ኮልት 1911 እና ግሎክ ግን ያለ ካርታም አንዷን ይተኩሳሉ። ለሰው ደግሞ አንዷ ትበቃዋለች።

እዚህ ላይ ነው ወደ ቴስተሬ የምመለሰው። በእኛ ሙያ ሰው የሚገድለው «ጠፍቷል» የሚለው ቃል ነው። ብሬከር ጠፍቶ ሽቦው ግን ከሌላ መስመር ኃይል እያገኘ ሊሆን ይችላል። አንዱ ከእኛ በፊት የሠራ ሰው መስመር አደባልቆ ሄዶ ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም ሽቦ በቴስተር ተፈትሾ እስኪረጋገጥ ድረስ ሕያው ነው። ቴስተሩም ራሱ መጀመሪያ ኃይል ባለበት ሶኬት ላይ ይሞከራል፤ የሞተ ቴስተር ሁሉንም ሽቦ ሙት ነው ይላልና። ስለ ጦር መሣሪያ ያስተማሩኝም ይህንኑ ነበር። በዓይን ታይቶ፣ በጣት ተዳስሶ እስኪረጋገጥ ድረስ እያንዳንዱ ሽጉጥ ጎርሷል። ሰውዬው «ባዶ ናት» ሲል አልዋሸም። አንድ ጊዜ አምኖ ድጋሚ ሳያይ የቀረ ሰው ነው።

ጥይቷን ረዳቴ በባትሪ አገኛት። አልነካትም። «እዚያች ጋ ናት፣ ጌታዬ» ብሎ ብርሃኑን አበራላት። ጎበዝ ልጅ።

ሽጉጡ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ወደ ሥራችን ልንመለስ ስንል ሰውዬውን ፖስታውን እንዲቆጥር ለመንኩት። ቀለበቶቹንም፣ ሐብሉንም።

«ኧረ ምን በወጣችሁ! እኔ እናንተን እጠረጥራለሁ?»

«ስላልጠረጠሩን ነው አሁን የሚቆጥሩት። ማታ ሲቆጥሩ እኛ አንኖርም።»

አሁን ላስረዳችሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት ተቀጥሬ ስሠራ የአንዲት ወይዘሮ መታጠቢያ ቤት መብራት ቀየርኩ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ። ማታ አለቃዬ ደወለ። የወይዘሮዋ ቀለበት ከመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ጠፍቷል። «ሳታስበው ከዕቃህ ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ» አለኝ። በጣም በትሕትና ነው ያለው፤ ትሕትናው ነው ያመመኝ። የዕቃ ቦርሳዬን ሳሎን ወለል ላይ ዘረገፍኩት። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ብሎን። ሚስቴ እያየች ነው። ቀለበት የለም። «የለም» ማለት ደግሞ ምንም አይጠቅምም፣ የወሰደም ያልወሰደም የሚለው እሱኑ ነው።

ዘጠኝ ቀን ሥራ ሳይሰጠኝ ቤት ተቀመጥኩ። በአሥረኛው ቀን ቀለበቱ ከወይዘሮዋ የመታጠቢያ ካባ ኪስ ተገኘ። ደውላ ይቅርታ ጠየቀች፣ ከልቧ ነበር። ድርጅቱም ሥራዬን መለሰልኝ። ግን ከዚያ በኋላ ወደ ትልልቅ ቤቶች ሲላክ እኔ የምላክ አልነበርኩም። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ብዙም ሳልቆይ ለቅቄ የራሴን ሥራ ጀመርኩ።

ያ ቀለበት ጠዋት መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ማንም ማንንም አይጠረጥርም ነበር። ለዚህ ነው «ቆልፉልኝ» የምለው። ቁልፉ ዕቃችሁን ብቻ ሳይሆን ስሜንም ይጠብቅልኛል።

አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ። እናንተ ዕቃ የምትደብቁበት ቦታ እኛ የምንሠራበት ቦታ ነው። ቁምሳጥን አናት ላይ? ጣሪያ ላይ ስሠራ መሰላል ላይ ቆሜ ከላይ የማየው እሱን ነው። ኮርኒስ ውስጥ? ሽቦው የሚሄደው በዚያ ነው። ከእቃ ማጠቢያው ሥር የቧንቧ ሠራተኛው ጭንቅላቱን ይከታል። ፍራሽ ሥር ምንጣፍ አጣቢው ይደርሳል። የብሬከር ሳጥን ውስጥ የካዝና ቁልፍ አንጠልጥለው ያገኘሁባቸው ቤቶች አንድ ሁለት አይደሉም። ሳጥኑን የሚከፍተው እኮ እኔ ነኝ!

ጠዋት ሠራተኛ ሊመጣ ሲል በጥድፊያ መደበቅ ደግሞ የባሰ ነው። ምድጃ የሚጠግን ጓደኛዬ አንድ ቤት ሥራውን ጨርሶ ሊሞክር ሲል የቤቱ እመቤት ከማድ ቤቱ በር ጮኸች። የምድጃው መጋገሪያ ውስጥ የባሏን ሽጉጥ ደብቃለች። ከማን? ከጓደኛዬ ከራሱ! የሚጠገነው ምድጃው መሆኑ ጭንቅላቷ ውስጥ አልነበረም። ጥይት ደግሞ በቂ ሙቀት ካገኘ ቃታ የሚስብለት ሰው አያስፈልገውም። ጓደኛዬ ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ ይስቃል፤ ግን ምድጃ ሳይከፍት አይለኩስም።

ለዚያ ሰውዬ ያን ዕለት የነገርኩት ይህንን ነው። መሣሪያው ጥይቱ ወጥቶ ካዝና ውስጥ ይቆለፍ፣ ጥይቱ ለብቻው ሌላ ቦታ ይቆለፍ። ካዝናው ትንሽ ከሆነ ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በብሎን ይታሰር፣ አለዚያ ሌባው ከነሆዱ ነው የሚሸከመው። የኤሌክትሮኒክ ካዝና ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ይቀየር። የቃታ ቁልፍ ጎርሶ ያለ መሣሪያ ላይ አይደረግ፣ ቁልፉ ራሱ ቃታውን ሊነካው ይችላልና። የመሣሪያው መለያ ቁጥር ሌላ ቦታ ይጻፍ፤ ቢጠፋ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ካዝናው ሠራተኛ ቤት እያለ አይከፈት፣ የእኔን ሂሳብ ለመክፈልም ቢሆን።

«ቁልፉንማ ባለቤቴም ታውቀዋለች» አለኝ።

እንግሊዝ አገር ቢሆን ይህ ራሱ ጥያቄ ያስነሣ ነበር። እዚያ ፈቃድ የሌለው ሰው፣ የትዳር ጓደኛም ቢሆን፣ የመሣሪያው ሣጥን ቁልፍ ያለበትን ማወቅ የለበትም። ጃፓንም መሣሪያና ጥይት ተለያይተው እንዲቆለፉ ያስገድዳል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ለሚገዛ የመሣሪያ ካዝና የጥንካሬ ደረጃ አውጥታለች፣ ተራ ቆርቆሮ ሣጥን አይበቃም። እኔ ግን ለሰውዬው ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩለትም። የበሩን መቃን ብቻ በአገጬ አሳየሁት። ትንሿን መስመር ለረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየ።

ሶኬቱስ? ሽቦው ከጀርባ ተልጦ ሾርት እያደረገ ነበር። አሥር ደቂቃ።

ወደ ቤት ስንሄድ ረዳቴ ረጅም መንገድ ዝም አለ። በኋላ «ጋሼ፣ ነክቼው ቢሆንስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የቦርሳውን ማንገቻ ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

ያ ሰውዬ ከወራት በኋላ መልሶ ደወለ። ቀኑንና ሰዓቱን ተነጋገርን። የተለመደችዋን ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ቆልፌልሃለሁ» አለኝ። «ና። አሁን የተበላሸው የማድ ቤቱ መብራት ነው።»