ጣልቃ ገቡን ሞገድ ፍለጋ፦ ከዲሹ እስከ ኬብሉ

በክረምቱ ማብቂያ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ የምከታተለው አንድ የቪሳት ጣቢያ (በትንሽ ዲሽ ከሳተላይት ጋር የሚገናኝ የመረጃ ጣቢያ) በየቀኑ ይቋረጥ ጀመር። ጣቢያው 2.4 ሜትር ስፋት ያለው የሲ ባንድ (4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን የሳተላይት ሞገድ የሚቀበል) ዲሽ ሲኖረው፣ ከሳተላይቱ የሚቀበለው ሞገድ 4,192 ሜጋኸርዝ ላይ ነበር። መቋረጡ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እየበረታ ይሄድና ሌሊት ጨርሶ ይጠፋል፤ እሑድ ደግሞ በእጅጉ ይቀንሳል። ዝናብም ሆነ የዲሽ መዛባት እንዲህ ያለ ሰዓት ስለማያከብር፣ መንስኤው ከምድር የሚነሣ ሌላ ሞገድ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አልተጠራጠርሁም።

የተሳሳትሁት ከዚያ ቀጥሎ ነው። ከ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደርስ ሞገድ እጅግ ደካማ በመሆኑ፣ ጣልቃ ገቡ በዲሹ በኩል ነው የሚገባው ብዬ ደመደምሁ። አነስተኛ አንቴና ከስፔክትረም አናላይዘር (በየፍሪኩዌንሲው ያለውን ሞገድ በስክሪን ከሚያሳይ መሣሪያ) ጋር አያይዤ ሁለት ቀን ሙሉ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እየወጣሁ 4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ብፈልግም ምንም አላገኘሁም። ከኤልኤንቢው (ዲሹ ላይ ተቀምጦ ሞገዱን አጉልቶና ፍሪኩዌንሲውን ዝቅ አድርጎ ወደ ኬብሉ ከሚሰደው ክፍል) ፊት የገጠምሁት ፊልተርም ለውጥ አላመጣም።

በሦስተኛው ቀን ኬብሉን በመጀመሪያ ከሞደሙ፣ ቀጥሎም ከኤልኤንቢው ነቀልሁና በዲሹ በኩል ያለውን ጫፍ በ75 ኦም ተርሚኔተር (የኬብልን ክፍት ጫፍ በሚዘጋ ትንሽ መሰኪያ) ዘጋሁት። (ሞደሙ በኬብሉ የሚልከው የዲሲ ኃይል ተርሚኔተሩን ሊያቃጥለው ስለሚችል ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት።) በሌላው ጫፍ አናላይዘሩን ስሰካ የሳተላይቱ ሞገድ እንደሚጠበቀው ጠፍቷል፤ ነገር ግን 958 ሜጋኸርዝ አጠገብ እያንዳንዳቸው 200 ኪሎኸርዝ ያህል ስፋት ያላቸው ቀጫጭን ጉብታዎች ብቅ ጥልቅ ይሉ ነበር። ዲሹ ተነቅሎ ሳለ የሚታይ ሞገድ በዲሹ ሊገባ አይችልም።

ስሌቱም ይህንኑ ያረጋግጣል። የሲ ባንድ ኤልኤንቢ የተቀበለውን ፍሪኩዌንሲ ከ5,150 ሜጋኸርዝ ቀንሶ ወደ ኬብሉ ስለሚያወርድ፣ የእኛ 4,192 በኬብሉ ውስጥ 958 ይሆናል። በ900 ሜጋኸርዝ ባንድ የሚሠሩ የጂኤስኤም (የሞባይል ስልክ) ማማዎች ወደ ስልኮች የሚያሰራጩት ከ935 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ ጥሪ ሲበዛም ተጨማሪ ቻነሎችን ይጠቀማሉ። የሰዓቱና የእሑዱ ነገር ትርጉም ያገኘልኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ያጊ አንቴና (ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣን ሞገድ ለይቶ የሚቀበል) ይዤ ከሦስት ቦታ አቅጣጫ ለካሁ። አንደኛው ልኬት ከቆርቆሮ ጣሪያ በተንጸባረቀ ሞገድ ምክንያት ወደ ባዶ ሜዳ ያመለክት ስለነበር ቦታ ቀይሬ ደገምሁት፤ መስመሮቹም ከኬብላችን 40 ሜትር ያህል በሚርቅ የሞባይል ማማ ላይ ተገናኙ። ማማው በራሱ ባንድ ውስጥ በአግባቡ የሚሠራ ስለነበር፣ ለባለቤቱ ጽፌው የነበረውን አቤቱታ አልላክሁም። ቀዳዳው የነበረው በእኛ ዘንድ ነው፦ ኬብሉን ክፍል በክፍል ስፈትሽ፣ ጣሪያው ላይ ባለው መቀጠያ ኮኔክተር ውስጥ የዝናብ ውኃ ገብቶ የውጭ ሞገድ እንዳይገባ የሚከላከለውን ሽቦ አጥቁሮና በልቶ አገኘሁት።

መቀጠያ የሌለው፣ ድርብርብ መከላከያ ያለው ኬብል ከማማው ራቅ ባለ መንገድ ዘረጋን፤ የዲሹን በኩል ኮኔክተርም ውኃ በማያስገባ ቴፕ ጠቀለልን። በቀጣዩ ሰኞ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ጥሪ በሚበዛበት ጊዜ፣ ያንኑ ተርሚኔተር ገጥሜ አናላይዘሩን ስመለከት 958 ላይ ከመሣሪያው የራሱ ጫጫታ በቀር ምንም አልነበረም።