ኅዳር የጠየቅሁት ደብዳቤ መጋቢት ደረሰ

ላሊበላ የተቀመጠችው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጉያ ነው። ከተማዋ ውስጥ ካደጉት ልጆች ውስጥ ግን ላይ ድረስ የወጣው ጥቂት ነው። 2011 ዓ.ም. ላይ 6ኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር «እዚያ ላይ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ብርድ» አለኝ አንዱ። «ፈረንጅ» አለች ሌላዋ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለን እናስተምራቸዋለን። ውርጭ ከ3,200 ሜትር በላይ መሆኑን በቃላቸው ይዘውታል። ውርጩ ራሱ ከደጃቸው ሆኖ ጓሳ ሣር በእጃቸው ነክተው አያውቁም።

እናም 24 ልጅ ይዤ ሁለት ሌሊት እዚያ ለማደር ወሰንኩ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ዓይነት ሐሳብ ለመጣበት መምህር ነው። ለኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀላል ቀላሉን በአጭሩ ልጨርስ። ገንዘቡ ከአንድ ትንሽ ፕሮጀክት ተገኘ። ሁለት በቅሎ ተከራየን፣ ለዕቃና ለደከመ ልጅ። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎ፣ ድንች፣ ብዙ ስኳር። ማደሪያችን ማኅበረሰቡ ለቱሪስት የሠራው ጎጆ።

ወላጅ ለማስፈቀድ መመሪያው ቅጽ አስሞሉ ይላል። አስሞሉትና ፋይል ውስጥ ክተቱት፤ ከዚያ በላይ አትመኑት። እኔ ቤት ለቤት ዞሬ ቡና ጠጣሁ። አንዲት እናት በረካው ላይ ስንደርስ ነው ልጇ ሌሊት ሌሊት አስም እንደሚነሳበት የነገረችኝ። ቅጹ ላይ «ምንም የጤና ችግር የለበትም» ብላ ፈርማ ነበር።

አሁን ወደ ፈቃድ ደብዳቤው።

ማመልከቻዬን ያስገባሁት ኅዳር 3 ነው። ኅዳር ላይ እዚያ ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱ የደረቀ ነው። ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ለሌሊት ግን ብርድ ልብስ አለ። ለልጆቹ በሁለት ሳምንት እንወጣለን ብዬ ነገርኳቸው። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይኸ ነው።

ቢሮውን በስም አልጠራም። ጸሐፊዋ ማመልከቻውን አነበበችና «አቡነ ዮሴፍ» የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይሄ መንፈሳዊ ጉዞ ነው። ከቤተ ክህነት አጽፈሽ ነይ።» ተራራ ነው አልኳት። «ስሙ ግን የአቡን ነው» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ሁለተኛው ሰውዬ ደግሞ ቃላት መራጭ ነበር። «ጉብኝት» ካልሽ ወደዚያ ክፍል፣ «ትምህርት» ካልሽ ወደዚህ ክፍል፣ «የዱር እንስሳት» ካልሽ ሌላ ሕንፃ ነው አለኝ። እኔ ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌያለሁ። ሦስቱም ጋ ሄድኩ። ሦስቱም ጉዳዩ የሌላው ነው ብለው መለሱኝ። ታኅሣሥ ገባ። ላሊበላ ላይ በገና ሰሞን ፈራሚ መፈለግ ራስን ማድከም ነው። ከገና በኋላ ጥምቀት። ከጥምቀት በኋላ ፈራሚው ስልጠና ሄዱ። ከስልጠና ሲመለሱ ማኅተሙን የያዘችው ልጅ ፈቃድ ወጣች።

በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ እንደ ጅብራ ተገትሬ ያዩኝ ኃላፊ አስገቡኝ። «እህቴ፣ ልጆቹን ቀበሮ ቢበላቸውስ? ማን ይጠየቃል?» አሉኝ። ቀይ ቀበሮ 20 ኪሎ እንደማይሞላ፣ ኑሮው አይጥ አድኖ መብላት እንደሆነ አስረዳሁ። ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም፤ ከነዚያም ከግማሽ በላይ ባሌ ናቸው። መፈራት ካለበትስ ለቀበሮው ነው፤ ከሰው ጋር የሚወጣው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ያጋባበታል። ጥሩ አድርጌ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። «አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው» አሉኝና የዋስትና ደብዳቤ አጻፉኝ።

ሁለት ነገር ደግሞ ጨመሩ። የቢሮው አርማ ያለበት ባነርና ቲሸርት ካልተሠራ አይፈረምም። ባነሩ ስድስት ሜትር። ቲሸርቱ 24፣ ነጭ። ለዝናብ ልብስ የያዝኩት ገንዘብ እዚያ ገባ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ደክሞኝ እሺ አልኩ።

ደብዳቤው መጋቢት 9 ተፈረመ። «ከመጋቢት 13 እስከ 15 ብቻ የሚያገለግል» ይላል።

ተራራው ላይ ያሉት ጠባቂ ደወሉልኝ። «ቲቸር፣ በልግ ገብቷል። ጠዋት ፀሐይ ነው፣ ከሰዓት በረዶ። ቢቆይ አይሻልም?» ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ የኖሩ ሰው ናቸው። «ደብዳቤው ያልፍበታል» ብዬ መለስኩላቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

የሁለተኛው ቀን ጠዋት ግን ልዩ ነበር። ከጎጆው በላይ የአካባቢው እረኞች ተቀላቀሉን፤ እኩዮቻቸው ናቸው። እኔ ያዘጋጀሁትን ማስታወሻ ኪሴ ከተትኩ። አንዱ እረኛ ጓሳውን ገመሰና ቁጭ ብሎ ገመድ ገመደበት። የኔ ልጆች ሞክረው አቃታቸው። ሌላው ደግሞ «ሰው» ያለበትንና የተለቀቀውን የአይጥ ጉድጓድ ለየላቸው። «ሰው» ያለው አይጡን ነው። ልጆቹ በደረታቸው ተኝተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። ክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ ጸጥታ አግኝቼ አላውቅም።

ጅብራው ጋ ስንደርስ አንዱ ልጅ ፈዞ ቀረ። «ቲቸር፣ እናቴ ‹እንደ ጅብራ አትገተር› የምትለኝ ይህንን ነው?» ቁመቱ ከሱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ጅብራ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚሞት ስነግረው፣ ቀስ ብሎ በእጁ ዳሰሰው።

ከዚያ የውሃ ሙከራ አደረግን። ሁለት ሃይላንድ ወገባቸው ላይ ቆርጠን አፋቸውን ወደ ታች ዘቀዘቅናቸው። አንዱ ውስጥ ከመንገድ ዳር የተናደ የጓሳ ሥር ከነአፈሩ አደረግን። ሌላው ውስጥ የገብስ ማሳ አፈር። እኩል ውሃ አፈሰስን። ከማሳው ወዲያው ቡና የመሰለ ውሃ ወረደ። ከጓሳው ጠብ የሚል ጠፋ። «ተበላሽቷል» አሉ። ቆይቶ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ሌላ፤ ጥርት ያለ። «ተከዜም እንዲህ ነው የሚጀምረው?» አለ አስም ያለበት ልጅ። ተከዜ የሚነሳው ከነዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው። አዎ አልኩት።

እዚያ ላይ ብንመለስ ኖሮ ይህ ጽሑፍ የጉራ ጽሑፍ ይሆን ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ደመናውን አይቼዋለሁ። ጠባቂውም አይተውታል፤ ዝም ብለው አዩኝ። ሪፖርቱ ግን የቀይ ቀበሮ ፎቶ ይፈልጋል። «አንድ ሸንተረር ብቻ» አልኩ። ከዚያ «ሌላ አንድ»። ጭላዳዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ቀበሮ ግን የለም። ጭላዳዎቹ ተነስተው ወደ ገደሉ ሲወርዱ እንኳ አልነቃሁም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ነፋሱ ቆመ። ከዚያ ጉም ወረደና ፊት ፊት የሚሄደው ልጅ ጠፋኝ። ከዚያ በረዶ፤ ሽንብራ የሚያህል። ነጩ ቲሸርት ሰውነታቸው ላይ ተለጠፈ። ልጆቹን ቆጠርኩ። 23። እንደገና ቆጠርኩ። 24። እንዲህ ያለ ቆጠራ ጠላቴም አይቁጠር።

እረኞቹ ገሳቸውን ደረቡ። ገሳ ከጓሳ ሣር ተሠርቶ የሚለበስ ነው፤ ውሃው በላዩ ተንሸራቶ ይወርዳል። እኛ ጋ ያለው ደረቅ ነገር በቅሎው ላይ የተጠቀለለው ባነር ብቻ ነበር። ዘረጋነው። ላስቲክ ነውና 11 ልጅ ከስሩ ገባ። ያ የረገምኩት ባነር። የቀሩትን እረኞቹ ገሳቸው ስር አስገቧቸው።

አንዷ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ አፏ የማያርፍ፣ ዝም አለች። መንቀጥቀጧም ቆመ። እኔ ሞቃት ብዬ ደስ አለኝ። ጠባቂው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ስሟን ጠይቂያት» አሉኝ። ቃሏ ተኮላተፈ። «እርጥቡን አውልቂላት፣ ቶሎ!» የኔን ሹራብ አለበስናት። አንዷ እረኛ ከነገሳዋ አቅፋት ተቀመጠች። በሶ በስኳር በጥብጠን ትንሽ ትንሽ አጠጣናት። በረዶው ጋብ ሲል በበቅሎ አወረድናት። የምትንቀጠቀጥ ልጅ ገና እየታገለች ነው፤ መንቀጥቀጥ ስታቆም ነው መደንገጥ ያለባችሁ። ይህን የሳይንስ መምህሯ አላውቅም ነበር። ጎጆው ደርሰን እሳት ዳር ከተቀመጠች በኋላ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ማታ ድንች ጠየቀች። እኔ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ቀበሮውን አላየንም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ ሁለቱንም ጥቅምት ላይ። ማመልከቻውን የማስገባው ግንቦት ነው፤ ተራራ ይሁን ጻድቅ ተከራክረው እስኪጨርሱ ክረምቱ ይወጣል። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ብቻ እጽፋለሁ። ቀኑ ካመለጠኝ ደብዳቤው ይቃጠል፣ አልወጣም።

ለ40 ልጅ አንድ መምህር ይበቃል የሚል አለ። ውሸት ነው። እኔ አሁን 12 ልጅና ሦስት ትልቅ ሰው ነው የምይዘው። ስድስት ሰዓት ላይ ምንም ቢታይ ፊታችንን ወደ ታች እናዞራለን፤ ቀበሮ ቢመጣም ቻው ብለነው። ለልጆቹም ቀበሮ እናያለን አልላቸውም። አይጥ እናያለን ነው የምላቸው፣ አይጡን ደግሞ ሁሌም እናገኛለን። ውሻ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ ልጆቹ ምክንያቱን ራሳቸው ለወላጆቻቸው ያስረዳሉ።

እረኞቹን እንደ ማጀቢያ አትያዟቸው፤ አስተማሪዎቹ እነሱ ናቸው። እኔ በውሎው በጎቻቸውን ለሚጠብቅ ሰው እከፍላለሁ። ይህን ወጪ ሪፖርት ላይ ያየ ሂሳብ ሠራተኛ «የበግ ጥበቃ ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው?» ብሎኛል። አሁንም በየጉዞው ይጠይቀኛል። ደሴና የወሎው ቦረና አካባቢ ያላችሁ መምህራን ላስታ ድረስ መምጣት አያስፈልጋችሁም፤ ቦረና ሳይንት ፓርክ ጓሳውም ቀበሮውም አለው። በበልግ ግን ተዉት።

ያቺ በብርድ የተጎዳችው ልጅ እናት በተመለስን ማግስት ትምህርት ቤት መጣች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅኋት። የያዘችው ሁለት ኪሎ ምስር ነበር፤ ገሳዋን ለሰጠችው እረኛ አድርሽልኝ ብላ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮው ደግሞ ፎቶ ላኪ አለኝ። የነበረኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ጠባቂው በስልኬ ያነሱት። 11 ልጅ ከባነሩ ስር ተጠጋግቶ፣ ጭንቅላት ብቻ ይታያል፣ በረዶ በላያቸው። ላኩት። በጣም ወደዱት። ትልቅ አድርገው አሳትመው ማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ ለጠፉት። ባለፈው ሳልፍ አየሁት፣ አሁንም አለ። ባነሩ ተገልብጦ ስለተዘረጋ የቢሮው ስም የሚነበበው አንገት ዘቅዝቆ ነው።