ከ13 ሜጋዋት ወደ 1፦ በደረቅ አገር ግድብ ላይ ስሌት ስለማመድ

ሰላም ናችሁ። በትርፍ ጊዜዬ የውሃ ኃይል አዋጭነት ስሌት መማር ከጀመርኩ ሰነባበትኩ። ቀመሩ አጭር ስለሆነ ቀሪው ሁሉ ቀላል መስሎኝ ነበር። የውሃ ፍሰት፣ ውሃው የሚወርድበት ከፍታ፣ የስበት ቁጥር 9.81 እና የማሽኑ ብቃት። አራቱን ታባዛለህ፣ ኪሎዋት ታገኛለህ። በቃ።

ለመለማመጃ የመረጥኩት በደቡብ ናሚቢያ ያለውን የኔካርታል ግድብ ነው። በፊሽ ወንዝ ላይ፣ ከኪትማንስሁፕ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የተሠራ ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሮ በ2020 ተመረቀ። ቁመቱ 80 ሜትር ገደማ ነው። ሲሞላ 857 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ በናሚቢያ ትልቁ ግድብ ነው።

ይህን 857 ሚሊዮን ሳይ ዓይኔ በራ። ኤክሴል ከፈትኩ። ከፍታውን 60 ሜትር፣ ብቃቱን 85 በመቶ አድርጌ ያዝኩ። በዚህ ሂሳብ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውሃ 0.14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። በ857 ሚሊዮን ሳባዛው ዓመቱን ሙሉ ሳይቆም የሚሠራ 13.6 ሜጋዋት ወጣልኝ። በራሴ ኮርቼ ተኛሁ።

በነጋታው ግድቡ ላይ በእርግጥ የተተከለውን ፈለግኩ። 3 ሜጋዋት።

ስህተቴ የጀማሪ ነበር። ግድቡ የሚይዘውን ውሃ በየዓመቱ የሚያልፍ ውሃ አድርጌ ቆጠርኩት። ጋኑ ትልቅ ስለሆነ ብቻ በየቀኑ ይሞላል ማለት አይደለም። እንዲያውም በደረቅ አገር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጋኑ የሚተልቀው ወንዙ ስለማይታመን ነው። በዚያ አካባቢ የዓመቱ ዝናብ ከ200 ሚሊሜትር በታች ነው። ፊሽ ወንዝ በናሚቢያ ውስጥ ረጅሙ ወንዝ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ አይፈስም። በክረምቱ (የእነሱ ክረምት ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው) ጎርፍ ይመጣል፣ ሌላውን ጊዜ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። ዓመታቱም አይመሳሰሉም። አንዱ ዓመት ያጥለቀልቃል፣ ቀጣዮቹ ዝም ይላሉ።

ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት አማካይ ፍሰት መጠቀም አቆምኩ። አማካይ ቁጥር እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። አንድ የጎርፍ ዓመት አምስት ድርቅ ዓመታትን ይሸፍንና "ደህና ነው" ያስብልሃል። ተርባይኑ ግን በአማካይ አይሽከረከርም። አሁን የማደርገው ፍሰቶቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሬ፣ ስንት ከመቶው ጊዜ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚገኝ ማየት ነው። ለደረቅ ወንዝ ይህ መስመር መጀመሪያ ላይ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርድና ወዲያው መሬት ይነካል። ስታዩት ያሳዝናል።

ንጽጽር ከፈለጋችሁ በዚያው አገር ሰሜን ድንበር፣ በኩኔኔ ወንዝ ላይ ሩአካና የሚባል የውሃ ኃይል ማመንጫ አለ። 347 ሜጋዋት። የኩኔኔ ውሃ ግን ከአንጎላ ደጋ ነው የሚመጣው። ናሚቢያ ዓመቱን ሙሉ የሚፈሱ ወንዞቿ በሙሉ ድንበር ላይ ናቸው። አገሩ ደረቅ ነው ማለትና ወንዙ ደረቅ ነው ማለት ለየብቻ ናቸው፤ እኔ አንድ አድርጌያቸው ነበር።

ከዚያ ትነት መጣ። በዚያ ፀሐይ ከውሃ ገጽ በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ይተናል። እኔ 2.5 ሜትር ያዝኩ። ከአንድ ስኩዌር ኪሎሜትር ብቻ 2.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሄዳል ማለት ነው። በ60 ሜትር ከፍታ ቢወርድ ኖሮ ወደ 350,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጥ ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ለኃይል ብለህ ሐይቁን ሞልተህ ብታቆይ ከፍታ ታገኛለህ፣ ግን የውሃው ገጽ ይሰፋና ትነቱ ይጨምራል። ቶሎ ብትለቅ ትነቱ ይቀንሳል፣ ከፍታውም አብሮ ይወርዳል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ጥያቄውን ራሱን ቀየርኩት። ኔካርታል የተሠራው ለኤሌክትሪክ አይደለም፤ 5,000 ሄክታር ለማልማት ታስቦ ነው። ስለዚህ ተርባይኑ የሚያገኘው ለመስኖ የሚለቀቀውን ውሃ ነው። ለአንድ ሄክታር በዓመት 15,000 ሜትር ኩብ ብዬ ገመትኩ (ግምቱ የራሴ ነው፣ እንደ ሰብሉ ይለያያል)። 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ከሱ የሚገኘው 10.4 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም በአማካይ 1.2 ሜጋዋት ነው። 3 ሜጋዋት ለተተከለበት ቦታ 40 በመቶ አካባቢ። የ3ቱ ነገር ያኔ ገባኝ። መስኖ ውሃ የሚፈልገው በወቅት ነው፤ ብዙ በሚለቀቅበት ወር ማሽኑ እንዳያንስ ታስቦ ይሆናል ብዬ ወሰድኩት።

ያልጠበቅኩት ደግሞ ይሄ ነው። ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ ወንዙን ተከትሎ ይወርድና በታች ባለ ሌላ ትንሽ ግድብ ይያዛል። ከዚያ ወደ እርሻው በፓምፕ ነው የሚወጣው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። በተርባይን አውርደህ በፓምፕ መልሰህ ልታወጣው! ሂሳቡን ሞከርኩት። ፓምፑ 60 ሜትር ያነሳል፣ ብቃቱም 75 በመቶ ነው ብንል፣ ለአንድ ሜትር ኩብ 0.22 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ተርባይኑ የሰጠን 0.14 ነበር። በእኔ ግምት ማመንጫው የፓምፑን ፍጆታ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይችላል እንጂ ለመንደር መብራት አይተርፈውም።

መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ውሃው ለማንኛውም ይለቀቃል። ግድቡ ተሠርቷል፣ ማስወጫ ቱቦው አለ፣ ከፍታው ባዶውን አረፋ ሆኖ ሊባክን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የሚጠየቀው የተርባይኑና የኤሌክትሪክ መስመሩ ወጪ ብቻ ነው። ለኃይል ብቻ ተብሎ እንዲህ ያለ ግድብ ይሠራ ቢባል ግን ስሌቱን ሳልከፍት ነበር እምቢ የምለው። ሌላው አደጋ የመስኖ እርሻው ከዘገየ ነው፤ በኔካርታልም ግድቡ ካለቀ በኋላ እርሻው ለዓመታት ተጓቷል። ውሃ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ተርባይኑም ሥራ ፈት ነው።

አሁን ያለሁት ማሽን ምርጫ ላይ ነው። ፍራንሲስ የሚባለው የተርባይን ዓይነት በሙሉ ፍሰት ጎበዝ ነው፣ ፍሰቱ ከግማሽ በታች ሲወርድ ግን ብቃቱ ይከዳዋል። አንድ ትልቅ ከመትከል ሁለት እኩል ትንንሾች አድርጌ እያነጻጸርኩ ነው። በደረቁ ወር አንዱን ዘግቶ ሌላውን ማሠራት ይቻላል፣ ዋጋው ግን ይጨምራል። ሐይቁ ሲወርድ ከፍታው ከ60 ወደ 35 ሜትር ቢወርድስ የሚለውን ደግሞ ገና አልነካሁትም። ወር በወር የሚሠራ ሠንጠረዥ የሠራችሁ ካላችሁ ዝቅተኛውን የሐይቅ መጠን እንዴት እንዳስገባችሁት ንገሩኝ። የኔው ነሐሴ ላይ በኔጋቲቭ ውሃ ኃይል እያመነጨ ነው።